ኖራ የተቀቡት ግራሮች

የሁሉን ቃል ጻፉ፤ የእኔን ግን አልጻፉም። የቀበሌያችን ጸሐፊ ዘገዬ፣ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ብዕሩን የሚያስሮጥ ሰውዬ፣ እኔ ስነሣ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጥፍሩን መመልከት ጀመረ። ተናግሬ ስቀመጥ «የጓድ ዘውድነሽ አስተያየት ተሰምቷል» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ። ተሰምቷል። የውሻ ጩኸትም ይሰማል።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ለመሠረተ ትምህርት ሲጠሩኝ ሁለት ቀን ሄጄ በሦስተኛው ቀርቻለሁ፤ ሽንኩርቴን አረም ውጦት ነበር፣ ሽንኩርት ደግሞ እኔ «ሀ ሁ» ብዬ እስክጨርስ አይጠብቅም። ዛፍ ግን አውቃለሁ። ባሌ አስፋው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድፍን ግራር የነበረውን መሬት ለባለርስቱ ሲመነጥር አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ መጥረቢያ ይዣለሁ። ዛፍ እንዴት እንደሚጠጣ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚሞት በዓይኔ አይቻለሁ። በስብሰባው የተናገርኩትም ይህንኑ ነው። ሰው በከንቱ ሊጠፋ ነው፣ ስሙኝ አልኩ። ሳቁ።

ሊጠፋ የነበረው ሰው ጎረቤቴ ገርባ ነው። ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ ከግራሮቹ ልጀምር።

ከዓለም ጤና ወደ መቂ ስትወጡ፣ ከብት ገበያው ዳር ስምንት ግራሮች ነበሩ። እኔ በሙሽርነት ወደዚህ አገር ስመጣ ያኔም ትልልቅ ነበሩ። በገበያ ቀን ከብት ነድቶ የመጣው ሁሉ ጥላቸው ሥር ይውላል፤ ሻጭና ገዢ የሚጨቃጨቀው፣ ሽማግሌ የተጣላ የሚያስታርቀው እዚያው ነው። ሌላ ጥላ የለንም። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ሽማግሌም ብትሆን እንግዳም ብትሆን አታፍርህም።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊደርስ ሲል፣ ነሐሴ ሰባ ስድስት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ኖራ ይቀባ ተባለ። የመንገዱ ድንጋይ ተቀባ፤ የአጥሩ አጣና ተቀባ፤ የመብራቱ እንጨት ተቀባ። ቆሞ የተገኘው ሁሉ ሲቀባ ጊዜ አህያዬን ከደጅ አስገብቼ በር ዘጋሁባት። የገበያውን ግራሮች የቀባቸው ሌላ ሰው አይደለም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ነው። ጓድ አብተው። የሟች እህቴ ልጅ፣ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እኔ ያሳደግኩት። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ይዞ ጎህ ሳይቀድ ወጣ፤ ሕዝቡ ሲነሣ ስምንቱ ግራሮች እስከ ሰው ደረት ድረስ ነጭ ሆነው ተገኙ። ሊቀመንበር ሆኖ በገዛ እጁ ቀባ ተብሎ ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄን በአመድ ማሸት ያምረኛል።

በዚያ ዓመት ግራሮቹ ጉድ አሳዩ። አበባቸው ቅጠሉን እስኪሸፍን ድረስ አበቡ። ፍሬያቸው ተንዠረገገ፤ የአገሩ ፍየል ሁሉ ሥራቸው ሰፈረ። ኖራው ተስማማቸው ተባለ። እኔ፣ ዛፍ አውቃለሁ የምለው እኔ፣ አዎ ተስማማቸው አልኩ። አስፋው ሳይነግረኝ ቀርቶ አይደለም። «ሞት የሸተተው ዛፍ ልጅ ያበዛል» ይል ነበር። ረሳሁት። እርጅና ነው እንዳልል፣ በሠርጌ ቀን ጠላው ኮምጥጦ የተሰደበችውን ጠማቂ ስሟን ከነአባቷ እስካሁን አልረሳሁም። በእህቴ ልጅ ላይ ክፉ ላለማሰብ ነው የረሳሁት።

ግንቦት ሰባ ሰባት ላይ ሦስቱ ደረቁ። በዚያን ጊዜ የለመለመ ዛፍ የቆረጠ ይታሰር ነበር፤ የደረቀውን ግን በቀበሌ ፈቃድ ማንሣት ይቻላል። ፈቃዱን የሚሰጠው አብተው ነው። ያስቆረጠውም አብተው ነው። ከገበያው ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍሮ ያስከሰለውም እሱ ነው። ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ ናዝሬት ሄደ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ኬሻ ወደ እኔ ቤት መጣ። «እትዬ፣ ለክረምቱ ይሁንዎት» ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ግንባሩን ስሜ መረቅሁት።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ጣለ። ካለፈው ዓመት ድርቅ የተረፈ የእሾህ ቁጥቋጦ እንኳ ሲያቆጠቁጥ የቀሩት አምስቱ የገበያ ግራሮች ቅጠላቸውን አራገፉ። ዝናብ እየወረደባቸው በጥም ሞቱ። ከብት ይዞ የመጣው ሰው በባዶ ቅርንጫፍ ሥር ቆሞ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ደላላ፣ ቀበሌው ለዛፎቹ ካፖርት አለበሳቸው፣ እነሱም ሞቋቸው ሞቱ ብሎ ገበያውን አሳቀ። አብተው ጀርባው ላይ ዓይን ሲበዛበት አንድ ቃል አመጣ። አሻጥር። የአብዮቱ ጠላት ዛፎቹን መርዟቸዋል አለ። ማን መረዛቸው ሲባል፣ ከጠባቂው ሌላ ማን ይጠጋቸዋል አለ።

ጠባቂው ገርባ ነው። የተቀጠረው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ፍየል ግራሮቹን ስትጠጋ ከፍየሏም ከባለ ፍየሉም ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። ሳል አለበት፤ በክረምት ሲስል ግድግዳዬ አብሮት ይስላል። ያን ሰው ያዙና ከቀበሌው ጀርባ ባለው፣ የድሮው ባለርስት እህል ያስቀምጥበት በነበረው መጋዘን ውስጥ ከተቱት። መስኮት የለውም።

ሚስቱ ዲንቄ ምሳ ስታደርስ አብሬያት ሄድኩ። እሷ ቤት ማገዶው እርጥብ ነበርና ሽሮውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው በሩን ገርበብ ሲያደርግ የወጣው ሽታ ወደ ኋላ ገፈተረኝ። ሽንት ነው፣ የበሰበሰ ገለባ ነው፣ የሞተ አይጥ ነው። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ አፈርኩና አወረድኩት። እሱ ሌት ተቀን ያለ ነጠላ ይተነፍሰው የለ?

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» አለኝ ገርባ ከጨለማው ውስጥ፤ እንደምን ነሽ እትዬ ማለቱ ነው። እንደዚያ ሆኖም ሰላምታውን አላጎደለም። እኔም ባለችኝ ኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቅሁት። ደህና ነኝ አለና ሳለ፤ ሳሉ ሲያልቅለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሰኞ ወደ ናዝሬት ይወስዱሃል ብለውኛል። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከሶ ወደ ላይ የተላከ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በዚያ ደረት ደግሞ ክረምቱን አይወጣውም። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለዲንቄም አልነገርኳት። እሷ ግን ታውቀው ነበር፤ ባዶውን ሳህን በነጠላዋ ሸፍና ከፊቴ ቀድማ ሄደች።

ስብሰባው ዓርብ ጠዋት ተጠራ። አብተው የግብርና ባለሙያዋን አማረችን አስነሣት። ከተማችን ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። አስረጂ አላት። እሷም ጠረጴዛውን እያየች አስረዳች። ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው አለች። ቅጠሉ በፀሐይ ሲተን ከታች ያለውን ውሃ ይስበዋል። እስከ ግንቦት ቅጠሉ አረንጓዴ ከነበረ ውሃው እስከ ግንቦት ይወጣ ነበር፤ እንግዲያው ጉዳቱ ከዚያ ወዲህ የደረሰ ይመስላል ብላ ተቀመጠች። ዘገዬ ቃል በቃል ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ማለት ገርባ ከተቀጠረ ወዲህ ማለት ነው። ከአዳራሹ ይህን ያልገባው አልነበረም።

ተነሣሁ። ልጅቷ አንዱን መንገድ ነግራችኋለች፣ ዛፍ ግን ሁለት መንገድ አለው አልኳቸው። ሥር ውሃውን ይቀዳል፣ በእንጨቱ በኩል ሽቅብ ይልካል። ቅጠል ደግሞ ፀሐይ ላይ ያበሰለውን ምግብ ቁልቁል ያወርዳል፤ እሱ የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለው እርጥብ ልጥ ነው፣ እናንተ ገመድ የምታደርጉት። ልጡን ዙሪያውን ከገፈፋችሁት ውሃው መውጣቱን አያቆምም። ቅጠሉ እየጠጣ ያምርበታል፤ ከላይ የበሰለውም መውረጃ አጥቶ አበባና ፍሬ ይሆናል። ሥሩ ግን ምሳ ቀረበት። ጦሙን እያደረ ይቀዳል፣ ጦሙን እያደረ ይልካል። የቋጠረው ሲያልቅ ይሞታል፤ ቅጠል የሚጠማው ያን ጊዜ ነው። እኔና አስፋው የባለርስቱን ግራር የጨረስነው እንዲህ ነው፤ ዘንድሮ ልጡን ገፍፈን በዓመቱ እንጨቱን እናነሣ ነበር። ዛፎቹን የገደለውን ከፈለጋችሁ አምና ፈልጉት፤ ገርባ አምና ጠባቂ አልነበረም።

«ጓድ ዘውድነሽ፣ ዛፍም ምሳ ይበላል እንዴ?» አለ አብተው። አዳራሹ ተንፈቀፈቀ።

«አንተም በአራት ዓመትህ ቤቴ ስትመጣ ምሳ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር» አልኩት።

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ፤ ጆሮው ቀላ። ቃሌ ግን አልተጻፈም። ገርባ ሰኞ እንዲላክ ተወሰነ።

ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ግራሮቹ ሄድኩ። የፊተኛው ግራር ኖራው በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ዝንብ ይርመሰመስበታል። ጥፍሬን ሰድጄ ፈለፈልኩት። ኖራው እንደ እከክ ተነሣ፤ ከሥሩ ጭቃ ወጣ። ገለባ የተቀላቀለበት፣ ለግድግዳ የሚመረግ ጭቃ። ግራር ጭቃ አያበቅልም። ጣቴን ሳስገባው ከጭቃው በላይ ያለው ቅርፊት እንደ ተነረተ ከንፈር አብጦ አገኘሁት፤ ከላይ የወረደው ምግብ መንገድ አጥቶ እዚያ ተጠራቅሞ ነው። ከጭቃው በታች ያለው ደግሞ ሙት ነው፣ እንደ አሮጌ ጫማ ይላጣል። በመሀሉ ሙጫው ጠቁሮ እንደ መግል ተጋግሯል፤ ነጫጭ ትሎች ይላወሱበታል። ሽታው አፌ ውስጥ ገባ። ምራቄን ተፋሁ፤ አልወጣ አለኝ። ጥርሱ በስብሶበት ከንፈሩን በቅባት የሚያብለጨልጭ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኖራው እንደዚያ ነው።

ይህን ያደረገ ሰው ሥራውን ያውቃል። ከማን እንደተማረም አወቅሁ። አስፋው ሲመነጥር አብተው ልጅ ሆኖ ውሃ ያቀብለን ነበር።

ሌሎቹን አልነካሁም። ብቻዬን ሆኜ ብልጣቸው አሮጊቷ ራሷ ቆረጠች ይሉኛል። ጭቃውን መልሼ ደፍኜ ወደ አማረች ቤት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ አገኘኋት፤ ስታየኝ ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ወደ ታች የሚወርደውስ?» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «እማማ፣ እሱን ከየት አወቁት?»

«ከየትም ልወቀው። አንቺ ታውቂዋለሽ ወይ?»

«መጽሐፉ ላይ አለ» አለች፣ ድምጿ እየጠፋ። «ልጡ ከተቆረጠ ሥሩ ቀስ በቀስ ይራባል። እስከ ዓመት፣ ከዓመትም በላይ ሊቆይ ይችላል።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን ግማሹን ዋጥሽው?»

«የጠየቁኝ ስለ ውሃው ብቻ ነው፣ እማማ።»

ሻይ ላፍላልዎት አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። የገርባ እስር ቤት ሽታ የዚህን ቤት ያህል አላቅለሸለሸኝም። ያልተማረ ሰው የሚዋሸው ያለውን ይዞ ነው፤ ይቺ ግን እውነቱን አልጋዋ ላይ ዘርግታ፣ ገጹን ገልጣ እያነበበች ነው ሰው የምታስበላው። ነገ በገበያው ሰዓት ግራሮቹ ዘንድ እንድትገኝ ነግሬያት ወጣሁ።

በማግሥቱ ገበያው ሲሞላ ቢላዬን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ። ከግራሮቹ መሀል ኖራው ምንም ያልተሰነጠቀውን መረጥኩ። ከብት የያዙትን፣ ደላሎቹን፣ የዕርቅ ሽማግሌዎቹን ጠራሁ፤ ዲንቄን ሊቀመንበሩንና ጸሐፊውን እንድትጠራ ላክኋት። አሮጊቷ አበደች ተብሎ ሰዉ ሳይጠራም መጣ። አብተው ሁለቱን ጥበቃዎች አስከትሎ ሲደርስ ክቡ ሞልቶ ነበር። ሂዱ፣ ተበተኑ አለ። አንድ ሽማግሌ፣ ገበያ የሚበተነው በዝናብ ነው እንጂ በአዋጅ አይደለም አሉት፣ ከዘራቸውን እንደ ተመረኮዙ።

ከሁሉ አስቀድሜ ኖራውን አሳየኋቸው። ቅረቡ፣ ዳብሱት፣ የተቆረጠ ቦታ ታያላችሁ ወይ አልኩ። ሽማግሌው ግንዱን ዙሪያውን ዳበሱ። ሁለት የከብት ነጋዴዎች ዳበሱ። ደላላው በጉልበቱ ተንበርክኮ እስከ ሥሩ ድረስ አየ። ምንም የለበትም፣ ኖራው ሙሉ ነው አሉ። ሁሉም ሰማ።

ያኔ ቢላዬን አወጣሁ። ኖራውን ስልጠው ጭቃው እየተፈረፈረ ወረደ። ከጭቃው ኋላ ስንዝር የሚያህል፣ ግንዱን ዙሮ የገጠመ ባዶ እንጨት ወጣ። ትሎቹ እየተላወሱ መሬት ወደቁ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ፤ አንዱ ወይፈን ሽታው ደርሶት ገመዱን ጎተተ።

«ኖራው አልተቆረጠም፤ ከኖራው ሥር ያለው ተቆርጧል» አልኩ። «የቱ ነው የቀደመው?»

ደላላው ምራቁን ተፋ። «በሬ ላይ ቁስሉን በጭቃ ደፍኖ የሚሸጥ ሌባ አውቃለሁ» አለ። «ዛፍ ላይ ሲደረግ ዛሬ ገና አየሁ።»

ማንም አልሳቀም። አብተው ጠላት ብልህ ነው፣ ገርባ ቆርጦ ሲያበቃ ኖራ ቀብቶ ሸፍኖት ይሆናል አለ። የቀበሌው ኖራ የት ነው ያለው ብዬ ጠየቅሁት። ሽማግሌው ጥያቄዬን ደገሙለት። የቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው አለ። ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው ሲሉት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ቁልፉ እዚያው ነበር መሰለኝ፣ ሲንኳኳ ሰማነው። ከሰዉ ኋላ አማረች ድምጿን አሰማች። ሥሩ ለመሞት ዓመት ገደማ ሊፈልግ ይችላል አለች። ሊፈልግ ይችላል። ድሃው ሁሉ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ የተማረው «ሊፈልግ ይችላል» አለ።

አብተው ክንዴን ይዞ፣ «እትዬ፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር» አለኝ። ገባን። በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ ፊቱ ሊቀመንበር መሆኑን ተወና የልጅነቱ ፊት ተመለሰ፤ ማር ሰርቆ የያዝኩት ጊዜ የነበረው ፊት። ናዝሬት ያሉ የበላዮቹ በየጊዜው ከሰል ላክ እንደሚሉት ነገረኝ። እምቢ ቢል ወንበሩ ይሄዳል። እሱ ብቻ አይደለም፣ በየከተማው ይደረጋል። ዛፎቹስ ቢሆኑ ያረጁ አይደሉም ወይ? ሲጨርስ መሳቢያውን ከፈተና የተጻፈ ወረቀት አወጣ። ገርባ በቸልተኝነት ዛፎቹን አስጎዳሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ በአውራ ጣቱ ይፈርማል፤ ዛሬውኑ ይፈታል አለኝ።

«ሁላችንም እናርፋለን፣ እትዬ። ለእርስዎም ክረምቱ ገና ነው፤ ሌላ ኬሻ አስልክልዎታለሁ።»

ይህን ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እጁን አየሁት። በየጥፍሩ ሥር የከሰል ጥቁር ተቀብሯል። ጉልበቴን ሰበሰብኩ። የወተት ጥርሱ ሲነቀል ድዱን በጣቴ ያሸሁለት ልጅ ነው፤ ቀፈፈኝ። ሰው የገዛ ሥጋው ሲቀፈው ምን ዓይነት እንደሆነ ለማንም አልመኝም። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ዲንቄ ደጃፌ ላይ ጠበቀችኝ። ስለ ወረቀቱ ከእኔ በፊት ሰምታለች፤ ጥበቃው ነግሯታል። እጄን ያዘችና ለመነችኝ። «አዴ፣ ይፈርም። ጣት ነው፣ ይታጠባል። ይውጣልኝ ብቻ።»

እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ይስላል፤ ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው። አፌ እሺ ሊል ተከፍቶ ነበር። ያኔ ዓይኔ ጥግ ላይ ባለው ኬሻ ላይ አረፈ። ግማሹን ጨርሼዋለሁ። ሌላው ግማሽ አፉ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ዳሩ ላይ የግራር ቅርፊት ያልነደደ ቁራጭ ይታያል። ለገርባ በሳህን ይዤለት የሄድኩትን ሽሮ ያበሰልኩት በዚያ ከሰል ነው። እሱ የታሰረበትን ዛፍ አንድጄ ነው ያበላሁት፤ እሱም እግዜር ይስጥሽ ብሎ በላው። ወደ ጓሮ ሮጬ ወጣሁና አስመለሰኝ፤ ዲንቄ ግንባሬን ያዘችኝ።

አፌን ተጉመጥምጬ ስመለስ ነገሩን ነገርኳት። ቀለሙ ከጣቱ ይታጠባል፣ ከወረቀቱ ግን አይታጠብም አልኳት። ዛሬ በዚያ ጣት ይወጣል፤ የሚመጣው ዓመት ሌላ ዛፍ ሲደርቅ በዚያው ጣት ይመልሱታል፤ ያን ጊዜ እኔም አልጮኽለትም፣ ፈርሟላ። «ይህን ለባለቤቱ እንመልስለት» ስላት ዲንቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና የኬሻውን አንድ ጫፍ ያዘች።

ሁለት አሮጊቶች ኬሻ ይዘን በገበያው መሀል ስናልፍ ሰዉ መንገድ ለቀቀልን፤ ከኋላችንም ተከተለን። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ደላላው ወይፈኑን እየጎተተ መጣ። አማረችም ከዳር ዳር መጣች። ቀበሌው በረንዳ ስንደርስ ኬሻውን ገለበጥነው። ከሰሉ በተወለወለው ሲሚንቶ ላይ እየተንኳኳ ተዘረገፈ፤ አቧራው ተነሥቶ በበሩ ዳር በተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ላይ ዐረፈ።

አብተው ድምፁን ሰምቶ ወጣ። በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው የቀለሙን ሣጥን ይዟል። ከሰሉን አየ፤ ሰዉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ጥበቃዎቹ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ከጀርባው፣ ከመጋዘኑ በኩል፣ የገርባ ሳል ይሰማ ነበር።

አንድ እርምጃ ወደ እሱ ተጠጋሁ።

«ያን ወረቀት እዚሁ ቅደደው፣ አብተው» አልኩት። «ጥበቃ እንዳትልክ፤ በሩን አንተው ራስህ ሄደህ ክፈት፣ ያን ሽታ አንተው በአፍንጫህ ተቀበለው። ገርባን ክንዱን ደግፈህ፣ ጣቱን ቀለም ሳይነካው፣ አሁን በዚህ ሕዝብ ፊት አውጣልኝ።»